የተበላሸ ጄሰን ሲመጣ ስህተቱን የት ላይ መያዝ ይሻላል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራበት የድረ ገጽ ፕሮግራም በጃቫስክሪፕት የተጻፈ ሲሆን፣ መረጃውን በጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) መልክ የሚቀበለው ሌላ ቡድን ከሚያስተዳድረው ሰርቨር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያለ እንከን ይሠራል፤ አልፎ አልፎ ግን የሚመጣው ምላሽ ስለማይነበብ ጄሰንን የሚያነበው ጄሰን ዶት ፓርስ የተባለው ፈንክሽን ስህተት ይወረውርና ገጹ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሎጉ ላይ የማገኛቸው መልእክቶች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ በ0ኛው ቦታ ላይ ያልተጠበቀ የማዕዘን ቅንፍ መገኘቱን የሚናገር ሲሆን፣ ሁለተኛው ጽሑፉ ሳይጠበቅ እንዳለቀ የሚገልጽ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኩት እርምጃ መላውን ክፍል፣ ማለትም ጥያቄውን መላክን፣ ምላሹን ማንበብንና ዝርዝሩን ገጹ ላይ ማሳየትን፣ በአንድ ትራይ (ስህተት ሊያጋጥመው የሚችልን ኮድ የሚከብብ ክፍል) ውስጥ ከትቼ፣ ስህተቱን የሚይዘው ካች ባዶ አሬይ (ዝርዝር) እንዲመልስ ማድረግ ነበር። ገጹ ነጭ መሆኑን አቆመ፤ እኔም ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ወደ ሌላ ሥራ ዞርኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን አንድ ተጠቃሚ የመዘገባቸው ነገሮች በሙሉ እንደጠፉበት አመለከተ። ነገሩን ወደ ኋላ ስከታተለው እንዲህ ሆኖ አገኘሁት፦ ምላሹ ሳይነበብ ሲቀር ካቹ ባዶ አሬይ መለሰ፤ ገጹም «እስካሁን የተመዘገበ ነገር የለም» አለ፤ ተጠቃሚው ግራ ተጋብቶ አንድ አዲስ መዝገብ ጨመረና «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነ፤ ፕሮግራሙ ሲያስቀምጥ ዝርዝሩን በሙሉ ስለሚልክ፣ በሰርቨሩ ላይ የነበሩት 140 መዝገቦች በዚያ በአንዱ ተተኩ። ባክአፕ ስለነበረ መመለስ ችለናል።

አሁን ካቹን ባነሳው ገጹ ይወድቃል፤ ብተወው ደግሞ ያው አደጋ ይደገማል። ስህተቱን መያዝ ያለብኝ በየትኛው ቦታ ላይ ነው? የተበላሸውን ጽሑፍ በኮድ አስተካክሎ ለማንበብ መሞከርስ ተገቢ ነው ወይስ በደፈናው መጣል ይሻላል? ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ምላሽ 1

መዝገቦቹ በመመለሳቸው ደስ ብሎኛል። የደረሰብዎ ነገር በብዙዎቻችን ላይ የደረሰ ነው፤ እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲህ ያለ ካች ሳልጽፍ የቀረሁበት ፕሮጀክት አልነበረም። «ዝርዝሩ ባዶ ነው» ማለትና «ዝርዝሩን ማንበብ አልቻልኩም» ማለት ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ሆነው ሳለ፣ የእርስዎ ካች ሁለተኛውን ወደ አንደኛው ለውጦ ለቀረው ኮድ በሐሰት መሰከረ። ከዚያ በኋላ የሠራው ኮድ ሁሉ በትክክል ነው የሠራው፤ የተነገረውን አምኖ ነበር።

ከመልእክቶቹ እንነሳ። በ0ኛው ቦታ ላይ የማዕዘን ቅንፍ ከተገኘ የመጣው ኤችቲኤምኤል ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ጄሰኑ አልተበላሸም፣ ከመነሻውም ጄሰን አልነበረም። በተለምዶ የሚያጋጥመው በመሃል ያለ ፕሮክሲ (ጥያቄና ምላሽ የሚያስተላልፍ ሰርቨር) 502 ወይም 504 የሚል የስህተት ቁጥር ሰጥቶ የራሱን የስህተት ገጽ ሲልክ፣ አለበለዚያም የተጠቃሚው ሴሽን አልቆ ሰርቨሩ ወደ መግቢያው ገጽ ሲያዞረው ነው። የኋለኛው በተለይ ያታልላል፤ ጥያቄውን የሚልከው ፌች የተባለው ፈንክሽን ማዞሪያውን ዝም ብሎ ስለሚከተል በመጨረሻ የሚደርስዎት ስታተስ 200፣ ማለትም «ተሳክቷል»፣ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው መልእክት ደግሞ ወይ አካሉ ባዶ ነበር፣ ለምሳሌ 204 የሚል ምላሽ ምንም አካል የለውም፣ ወይም ጽሑፉ በመሃል ተቆርጧል። የደረሰውን ጽሑፍ ርዝመት ሎግ ላይ ቢጽፉ የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ፌች 404 ወይም 500 ሲመጣ ስህተት አይወረውርም፤ የሚወረውረው ግንኙነቱ ራሱ ሲከሽፍ ነው። ስታተሱ ከ200 እስከ 299 ባለው ውስጥ መሆኑን የሚናገረውን «ኦኬ» የተባለውን ፕሮፐርቲ ማየት የእርስዎ ኃላፊነት ነው። ቀጥሎ ኮንቴንት ታይፕ የተባለውን ሄደር ይመልከቱ፤ ሆኖም ከአንድ ቃል ጋር በእኩልነት አያወዳድሩት፤ ምክንያቱም ከኋላው የካራክተር ሴት መግለጫ ሊከተለው ይችላል፤ የስህተት ምላሾችም «ፕሮብሌም ፕላስ ጄሰን» በሚባለው ዓይነት ሊመጡ ይችላሉ፤ እነርሱም ጄሰን ናቸው።

ከዚያ በኋላ ምላሹን በቀጥታ እንደ ጄሰን ከማንበብ ይልቅ በመጀመሪያ እንደ ተራ ጽሑፍ አንብበው ለጄሰን ዶት ፓርስ ይስጡት። የአንድ ምላሽ አካል የሚነበበው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ በቀጥታ እንደ ጄሰን አንብበው ከከሸፈ የመጣው ምን እንደነበር ለማየት ተመልሰው ማንበብ አይችሉም፤ ሎጉ ላይ የሚቀርልዎት የማዕዘን ቅንፍ ተገኘ የሚለው ደረቅ መልእክት ብቻ ይሆናል። ጽሑፉ በእጅዎ ካለ ግን ስታተሱን፣ ኮንቴንት ታይፑን፣ ርዝመቱንና የመጀመሪያዎቹን 200 ያህል ፊደላት መመዝገብ ይችላሉ። ሙሉውን አይመዝግቡ፤ የሰው የግል መረጃ ሎግ ውስጥ ሊገባ ይችላልና።

ትራዩን በተመለከተ፣ ፓርስ የሚያደርገውን አንዲት መስመር ብቻ ይክበብ። እርስዎ እንዳደረጉት ማሳየቱንም ጭምር ከከበበ፣ ነገ በማሳያው ኮድ ውስጥ የቫሪያብል ስም ተሳስተው ቢጽፉ እንኳ ካቹ ውጦት ከሰርቨሩ የመጣ ጥፋት ያስመስለዋል። በአሲንክ ፈንክሽን ውስጥ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ፦ ትራይ ውስጥ ሆነው ፕሮሚሱን (ገና የሚመጣውን ውጤት) «ጠብቅ» የሚለው አዌት ሳይኖር ሪተርን ካደረጉት፣ ስህተቱ የሚወረወረው ፈንክሽኑ ከትራዩ ከወጣ በኋላ ስለሆነ ካቹ ፈጽሞ አያየውም። በዚህች አንድ ቃል ምክንያት ግማሽ ቀን ጠፍቶብኛል።

ፓርስ ማድረጉ ተሳካ ማለት ግን የጠበቁት ነገር መጣ ማለት አይደለም። በአር.ኤፍ.ሲ 4627 (የጄሰንን ደንብ ባወጣው የቀድሞው የኢንተርኔት ሰነድ) ዘመን የጄሰን ጽሑፍ ኦብጀክት ወይም አሬይ መሆን ነበረበት፤ በ2014 ከወጣው አር.ኤፍ.ሲ 7159 ጀምሮ ግን ማንኛውም እሴት ብቻውን ሙሉ ጄሰን ነው። ስለዚህ «ነል» (ምንም እሴት የለም) የሚል አንድ ቃል ብቻ ቢመጣ ፓርስ ያለ ቅሬታ ያልፋል፤ ገጹ የሚወድቀው ከአሥር መስመር በኋላ ከነሉ ላይ ፕሮፐርቲ ሊያነብ ሲሞክር ነው። የቅርጽ ፍተሻ ያስፈልግዎታል፤ በእጅ ቢጽፉትም፣ ዞድን ወይም ኤጄቪን የመሰለ የፍተሻ ላይብረሪ ቢጠቀሙም ያው ነው። ታይፕስክሪፕት ቢጠቀሙ እንኳ ታይፖቹ ኮዱ ብራውዘር ላይ ሲሮጥ ስለማይኖሩ ከውጭ የመጣን መረጃ አይፈትሹም።

ለዋናው ጥያቄዎ የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፦ ይህን ሁሉ የሚሠራ አንድ ፈንክሽን በበሩ ላይ ያቁሙ፤ እርሱም ወይ የተፈተሸ መረጃ ይመልስ፣ ወይ «አልደረሰም»፣ «አልተነበበም» ወይም «ቅርጹ ሌላ ነው» ብሎ ስም ያለው ስህተት ይወርውር። ከ2022ቱ የጃቫስክሪፕት ስታንዳርድ ወዲህ አዲሱ ስህተት ዋናውን ስህተት «ኮዝ» በተባለው ቦታ ይዞ መሄድ ስለሚችል መነሻው አይጠፋም። የሚያዘው ደግሞ ውሳኔ መስጠት የሚቻልበት ቦታ ላይ ነው፤ ይኸውም ገጹን የሚያሳየው ክፍል «መረጃውን ማንበብ አልቻልንም፣ እንደገና ይሞክሩ» ብሎ የማስቀመጫውን ቁልፍ የሚዘጋበት ቦታ ነው። በነገራችን ላይ አንድ መዝገብ ለመጨመር ዝርዝሩን በሙሉ መላክ ራሱ መቅረት ያለበት አሠራር ነው፤ የተጨመረውን ብቻ ይላኩ።

ምላሽ 2

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ እኔ የምሠራው በሰርቨሩ በኩል ስለሆነ ከዚያኛው ጫፍ የሚታየውን ልጨምር።

የምንሠራበት አንድ አገልግሎት በፓይተን የተጻፈ ነበር፤ አማካይ የሚያሰላ ክፍል ነበረው፤ የሚሰላበት ልክ ሳይኖር ሲቀር ውጤቱ «ቁጥር አይደለም» የሚባለው ልዩ እሴት ይሆን ነበር። የፓይተን የጄሰን ላይብረሪ ካልተከለከለ በቀር ይህን እሴት እንዳለ ይጽፈዋል፣ መልሶም ያለ ቅሬታ ያነበዋል፤ በጄሰን ስታንዳርድ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ እሴት የለም። እኛ ቴስቶቻችንን የጻፍነው በዚያው በፓይተን ስለነበር ሁሉም አለፉ፤ ብራውዘሩ ግን ምላሹን በሙሉ አልቀበልም አለ። ለሳምንት ያህል የፊት ለፊቱን ቡድን ስንወቅስ ቆይተን ጥፋቱ የእኛ ሆኖ ተገኘ። መፍትሔው ላይብረሪው እነዚህን እሴቶች እንዳይፈቅድ የሚያደርገውን ፓራሜትር «ፎልስ» ማድረግ ነበር፤ ያን ጊዜ ሲጽፍ ራሱ ስህተት ይወረውራል። የእርስዎ ሰርቨር በፒኤችፒ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ከጄሰኑ በፊት የታተመ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ እንዳለ ያስፈትሹ፤ ይህ በጣም የተለመደ ነው። በዚያው ቋንቋ ጄሰን የሚያነበው ፈንክሽን ሲከሽፍ ነል ስለሚመልስ ከትክክለኛው ነል ጋር ይምታታል፤ ከፒኤችፒ 7.3 ጀምሮ ኤክሴፕሽን እንዲወረውር የሚያደርግ ፍላግ አለ፤ እርሱን የማይጠቀም አዲስ ኮድ ባላይ እመርጣለሁ።

የተበላሸ ጄሰን ወደ ሰርቨሩ ሲመጣም ሥርዓት አለው። ጽሑፉ ሳይነበብ ከቀረ 400፣ ተነብቦ ይዘቱ ሕጉን ካላሟላ 422፣ ዓይነቱ ጭራሹን ጄሰን ካልሆነ 415፣ ከተፈቀደው መጠን በላይ ከሆነ 413 ይመለሳል። ኤክስፕረስ በተባለው የጃቫስክሪፕት ሰርቨር መሥሪያ የጄሰን መቀበያ ውስጥ መጠኑ ካልተቀየረ 100 ኪሎባይት መሆኑን ብዙ ሰው የሚያውቀው ትልቅ ዝርዝር ልኮ ሲከለከል ነው። ከሁሉ የከፋው 500 መመለስ ነው፤ የላኪው ጥፋት እንደ ሰርቨሩ ጥፋት ተቆጥሮ ሌሊት ተረኛውን ይቀሰቅሳል። የስህተቱ ምላሽም ራሱ ጄሰን ይሁን፤ የኮዱን የውስጥ ዱካ ደግሞ ለውጭ ሰው አያሳይ።

የጠያቂው ምላሽ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምላሹን መጀመሪያ እንደ ጽሑፍ አንብቤ ሎግ ማድረግ ከጀመርኩ ሦስት ቀን ሆነኝ፤ የማዕዘን ቅንፉ በእርግጥም የመግቢያው ገጽ ነበር፣ ስታተሱም 200። ባዶው ደግሞ ምንም ለውጥ ከሌለ 204 ከሚመልስ አንድ አድራሻ የሚመጣ ነው።

ነገር ግን ሎጉን ሳገላብጥ ሌላ ነገር አገኘሁ። አንዳንድ መዝገቦች ያለ ምንም ስህተት ፓርስ ይደረጋሉ፣ የቅርጽ ፍተሻውንም ያልፋሉ፤ በአማርኛው ጽሑፍ መሃል ግን በአንድ ፊደል ፈንታ በጥቁር አልማዝ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሆኖ፣ ይታያል። የሚያጋጥመው በረጃጅም ምላሾች ላይ ነው፤ ገጹን እንደገና ስከፍተው ምልክቱ ይጠፋል ወይም ወደ ሌላ ፊደል ይዛወራል። በመሃል በኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬድ ፕሮግራም) የተጻፈ አነስተኛ ሰርቨር እንዳለን መጥቀስ ነበረብኝ፤ ከዋናው ሰርቨር ተቀብሎ ለብራውዘሩ ያስተላልፋል።

ምላሽ 3

የጥያቄ ምልክቱ ቦታ የሚቀያየር ከሆነ ጥፋተኛው ያ የመሃል ሰርቨር እንደሆነ እገምታለሁ። የፊደሎቻችን ዋናው ክፍል ፊደላትን ወደ ባይቶች በሚቀይረው በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ለምሳሌ «ሰ» 225፣ 136 እና 176 የተባሉ ባይቶች ናት። መረጃው በኔትወርክ የሚመጣው በቁራጭ በቁራጭ ነው፤ የሚቆረጥበት ቦታም ለፊደል ድንበር ደንታ የለውም። ኮድዎ እያንዳንዱን ቁራጭ እንደመጣ ወደ ስትሪንግ ቀይሮ ከቀደመው ጋር የሚደምር ከሆነ፣ አንዱ ቁራጭ 136 ላይ ሲያልቅ ቀጣዩ በ176 ይጀምርና ሁለቱም ለየብቻቸው ትርጉም ስለሌላቸው በ«ሰ» ፈንታ ሁለት መተኪያ ምልክቶች ይገባሉ። ምልክቶቹ በጥቅስ መካከል ያሉ ተራ ፊደላት ስለሆኑ ጄሰኑ ትክክለኛ ሆኖ ይቀራል፤ ስህተት የሚወረውር ማንም የለም። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ የተፈተነ ኮድ ይህን ጉድ ለዘመናት ሳያሳይ ሊኖር ይችላል።

መፍትሔው ባይቶቹን በሙሉ ሰብስቦ በመጨረሻ አንድ ጊዜ መቀየር ነው፤ ወይም በኖድ ውስጥ የስትሪሙን ኢንኮዲንግ አስቀድሞ ዩቲኤፍ-8 ብሎ መወሰን ነው፤ ያን ጊዜ የተቆረጠውን ባይት ይዞ ቀጣዩን ይጠብቃል። ቴክስት ዲኮደር የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ «ፌታል» የሚባለውን አማራጭ ያብሩት፤ የማይነበብ ባይት ሲገጥመው ዝም ብሎ ምልክት ከመተካት ይልቅ ስህተት ይወረውራል። የዚህ ዘመድ የሆነ ሌላ ዝምተኛ ጥፋት በቁጥሮች ላይ አለ፤ ጃቫስክሪፕት 9007199254740993 የሚለውን ቁጥር ፓርስ ሲያደርግ መጨረሻው 2 ሆኖ ይወጣል። ረጃጅም መለያ ቁጥሮችን በስትሪንግ እንዲልኩ የሰርቨሩን ቡድን ይጠይቁ።

ስለ መጠገን ለጠየቁት፣ አይሞክሩት። ነጠላ ጥቅስን ሁሉ በድርብ ጥቅስ የሚተካ አንድ መስመር ሬጉላር ኤክስፕሬሽን፣ በሰው ጽሑፍ መሃል ያለችውንም አፖስትሮፍ ቀይሮ ጤነኛ የነበረውን መዝገብ ያበላሻል፤ ተቆርጦ የመጣን አሬይ ቅንፍ ጨምሮ የሚዘጋ ኮድ ደግሞ 140 መዝገቦችን 90 አድርጎ ያቀርብልዎትና ተመልሰው ወደ መጀመሪያው አደጋ ይገባሉ። ከዚህ የምለየው አንድ ነገር ቢኖር በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚገባውን፣ ለዓይን የማይታየውን የባይት ቅደም ተከተል ምልክት ነው። በ2017 የወጣው አር.ኤፍ.ሲ 8259 በኔትወርክ የሚላክ ጄሰን ላይ ላኪው እንዳይጨምረው ይከለክላል፤ አንባቢው ግን እንዲያልፈው ይፈቅዳል። ፌች ጽሑፉን ሲያነብ ራሱ ያነሳዋል፤ በኖድ ከፋይል ሲያነቡ ግን እርስዎ ማንሳት አለብዎት።

የተበላሸን ነገር ችሎ መቀበል ይሻላል ወይስ መመለስ የሚለው ክርክር ያረጀ ነው። ጆን ፖስቴል በ1980 በቲሲፒ (የኢንተርኔት መረጃ ማስተላለፊያ ደንብ) ሰነድ ላይ ያሰፈረው መርህ ላኪ ጠንቃቃ፣ ተቀባይ ቻይ ይሁን የሚል ነበር፤ ኤችቲኤምኤልም በዚያው መንገድ ሄዶ፣ በኋላ የመጣው ስታንዳርድ ብራውዘሮች የተበላሸን ገጽ እንዴት እንደሚያስተካክሉ ሳይቀር በዝርዝር እስከ መደንገግ ደርሷል። ኤክስኤምኤል በ1998 ተቃራኒውን መረጠ፤ አንድ ታግ ካልተዘጋ አንባቢው መቆም አለበት። (ይህም ሆኖ የብራውዘሩ ዶም ፓርሰር የተበላሸ ኤክስኤምኤል ሲሰጡት ስህተት አይወረውርም፤ ስህተቱን የሚገልጽ ኤለመንት ያለበት ሰነድ ይመልስና ፈልጎ ማግኘቱን ለእርስዎ ይተወዋል።) በ2023 የወጣው አር.ኤፍ.ሲ 9413 ደግሞ የተቀባዮች ቻይነት ጥፋትን ሥር እንደሚያስይዝ ያስረዳል። እኔ ከዚህኛው ወገን ነኝ። ላኪው ጥፋቱን የሚያርመው ሲመለስበት ብቻ ነው።

በመጨረሻ፣ መረጃው ብዙ ከሆነ እያንዳንዱ መዝገብ በራሱ መስመር ላይ የሚጻፍበትን የጄሰን አላላክ ያስቡበት። ከ500 መስመሮች አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ 499 ሊነበቡና ሊታዩ ይችላሉ።

ምላሽ 2 (የቀጠለ)

በመጨረሻው ነጥብ ላይ ብቻ ልለይ። የተበላሸውን መስመር ዘሎ የቀረውን ማሳየት ለንባብ ብቻ በሆነ ገጽ ላይ ያስኬዳል፤ በዝርዝሩ ላይ ድምር የሚሠራ ወይም ተመልሶ የሚያስቀምጥ ኮድ ካለ ግን ከባዶው አሬይ የሚለየው በመጠን ብቻ ነው። እንዲያውም ባዶ ዝርዝር ሰውን ያስደነግጣል፤ ከ500 አንድ የጎደለው ድምር ግን ማንንም አያስደነግጥም። ከዘለሉ ስንት እንደዘለሉ ከመረጃው ጋር አብሮ ይመለስ፤ ገጹም ቁጥሩን ያሳይ።

የጠያቂው ምላሽ

የመሃሉ ሰርቨር ነገር እንደተባለው ሆኖ ተገኝቷል፤ ቁራጮቹን በቀጥታ ከስትሪንግ ጋር የምትደምር አንዲት መስመር ነበረች፤ ኢንኮዲንጉን አስቀድሜ ከወሰንኩ ወዲህ ምልክቱ አልታየም። ማስቀመጫውንም አዲሱን መዝገብ ብቻ እንዲልክ ቀይሬዋለሁ፤ መዝለል የሚባለውን ለጊዜው ትቼዋለሁ።

ለበር ጠባቂው ፈንክሽን አምስት ፋይሎች አዘጋጅቼ ሞከርኩት፦ የመግቢያው ገጽ ኤችቲኤምኤል፣ ባዶ ፋይል፣ በመሃል የተቆረጠ አሬይ፣ የባይት ቅደም ተከተል ምልክት ያለበት ትክክለኛ ጄሰን፣ እና «ነል» የሚል አንድ ቃል ብቻ። አራቱን በትክክል ለየ። አምስተኛው የቅርጽ ፍተሻዬን አልፎ ገጹን እንደገና ነጭ አደረገው፤ ለካ በጃቫስክሪፕት የነል ታይፕ ሲጠየቅ «ኦብጀክት» ነው የሚለው፤ እኔ ደግሞ የፈተሽኩት ኦብጀክት መሆኑን ብቻ ነበር።